ሕመሙ የጋራ፣ ሐኪሙ የግል

በማርች 2021 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የሱሴክሷ ዱቼስ ሜጋን ከኦፕራ ዊንፍሪ ፊት ተቀምጣ፣ በእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ ውስጥ ሳለች መኖር እስኪያስጠላት ድረስ ደርሳ እንደነበር ተናገረች። ከዚያ ረጅም ቃለ ምልልስ ውስጥ አብዛኛው ሰው ቶሎ ያለፈው አንድ ነገር አለ። እንደ እሷ አባባል፣ ርዳታ ፍለጋ የተቋሙን የሰው ኃይል ክፍል አነጋግራ ነበር፤ ክፍሉም አዝኖላት፣ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ስላልሆነች ግን ምንም ሊያደርግላት እንደማይችል ነገራት። የእንግሊዙ የቴሌቪዥን አቅራቢ ፒርስ ሞርጋን በሚመራው የጠዋት ፕሮግራም ላይ ከተናገረችው አንዱንም እንደማያምን በይፋ አወጀ። ከሃምሳ ሺህ በላይ አቤቱታ ወደ ብሮድካስት ተቆጣጣሪው ወደ ኦፍኮም ጎረፈ፤ ሰውየውም በማግስቱ ፕሮግራሙን ለቀቀ። (ተቆጣጣሪው ከወራት በኋላ ጣቢያው ደንብ አልጣሰም ሲል ወሰነ።) ሞርጋን የተጠራጠረው የቃሏን እውነትነት ነው። ከዚያ በኋላ በየጋዜጣውና በየስልኩ የተሰማው ግን ሌላ ዓይነት ትችት ነበር፦ ይሁን እውነት ትናገር፣ ግን ምን ጎደላት? ቤተ መንግሥት ኖራ፣ ካሊፎርኒያ ሞንቴሲቶ ውስጥ የተንጣለለ ግቢ ገዝታ፣ የምታማርረው ምኑን ነው? በእኛ አገር ነገሩ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር፤ ጥጋብ ነው።

ይህ ትችት ሐሰት የሚሆንበት ቦታ አለ፣ እውነት የሚሆንበትም ቦታ አለ፤ ተቺዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በሐሰቱ ላይ ነው። ድባቴ የባንክ ደብተር አይጠይቅም። ሀብት ከብዙ ነገር ይከልላል እንጂ ከራስ አይከልልም። ይህን ለማስተባበል መሞከር በዓይን የሚታየውን መካድ ነው፤ ራሳቸውን ያጠፉ ባለጸጎችን ስም ለመዘርዘር ማንም አይቸገርም። ነገር ግን «ማንንም ሊይዝ ይችላል» ማለትና «ሁሉንም እኩል ይይዛል» ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ስህተት ነው፤ ድህነት፣ ዕዳና የሥራ ዋስትና ማጣት የመታመምን ዕድል እንደሚጨምሩ በብዙ አገር በተደጋጋሚ ታይቷል። ዝነኞቹ የሚናገሩት የመጀመሪያውን ነው፤ አድማጩ ይዞ የሚሄደው ግን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ የመደብን ልዩነት የምንፈልገው በሕመሙ መጠን ውስጥ ሊሆን አይገባም። ልዩነቱ ያለው ሕመምን አፍ አውጥቶ መናገር በሚያስከፍለው ዋጋና ከተናገሩ በኋላ በሚሆነው ነገር ውስጥ ነው። ዝነኛው ሊጠየቅ የሚገባውም «ለምን ታመምክ?» ተብሎ አይደለም፤ «አንተ የሄድክበትን መንገድ ሁሉም እንዳለው አድርገህ ለምን ትናገራለህ?» ተብሎ ነው።

«ምን ጎደላት» የሚለው ሚዛን ሌላም ጣጣ አለው። ሚዛኑ ሞንቴሲቶ ላይ አይቆምም፤ መሰላሉን ወርዶ ወርዶ እታች ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ሰው በታች የባሰ ኑሮ ያለው ሌላ ሰው አይጠፋምና። ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ በየወሩ ብር የሚልክ ሰው ከፍቶኛል ቢል፣ አገር ቤት ያለው ወንድሙ «አሜሪካ ተቀምጠህ አንተ ደግሞ ምን አለብህ?» ይለዋል። ያው ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ ቢጨንቀው፣ ገጠር ያለው ዘመዱ በተራው «የወር ደመወዝተኛ፣ ምን ጎደለህ?» ይለዋል። በድሆች ስም ተነሥቶ ዱቼሷን የሚወቅስ ሰው፣ ሳያስበው የድሆቹንም አፍ የሚዘጋ ሕግ ያወጣል። ከዚህ ትችት አንድም የሆስፒታል አልጋ አልተገኘበትም፤ አንድም ወረፋ አላጠረበትም።

እንግዲህ ወደ እውነተኛው ልዩነት እንግባ። በ1950 ሁለት የዬል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሶሲዮሎጂስቱ ኦገስት ሆሊንግስሄድና የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ሬድሊክ፣ በኒው ሄቨን ከተማና በአካባቢዋ በአእምሮ ሕክምና ላይ ያለውን ሰው ሁሉ መቁጠር ጀመሩ። የግል ክሊኒኩንም፣ የመንግሥት ሆስፒታሉንም አልተዉም። ሕመምተኞቹን በአምስት መደብ ከፋፈሉ፤ ውጤቱንም በ1958 በመጽሐፍ አወጡት። ያገኙት ዛሬም ሲነበብ ይከነክናል። የላይኞቹ መደቦች ሕመም በአብዛኛው ኒውሮሲስ (ከእውነታ የማያርቅ የመንፈስ ሕመም) የሚል ስም ይሰጠዋል፤ የታችኛው መደብ ሕመም ደግሞ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ)። ላይኞቹ ከሐኪም ጋር ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ሕክምና ያገኛሉ፤ ታችኞቹ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወይም በግዙፉ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ዓመታት የሚፈጅ ጥበቃ። የምርመራው ስም አንድ ዓይነት በሆነ ጊዜ እንኳ ሕክምናው በመደብ ይለያይ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው የመግቢያው በር ነው። ከላይኛው መደብ የመጣው ሰው ወደ ሕክምና የደረሰው በራሱ ፈቃድ፣ በቤተሰቡ ወይም በግል ሐኪሙ ምክር ነው። ከታችኛው መደብ የመጣውን ያመጣው ፖሊስ፣ ፍርድ ቤት ወይም የበጎ አድራጎት ቢሮ ነው። አንዱ ሄደ፤ ሌላው ተወሰደ። «አትፈር፣ ሂድና ርዳታ ጠይቅ» የሚለው የዘመናችን ምክር የተጻፈው ለሄደው ሰው ነው። የተወሰደው ሰው የጎደለው ድፍረት አልነበረም፤ በሩን የመምረጥ መብት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ብሂል ከዝነኞቹ የ«ተናገሩ» ዘመቻ ጋር አንድ ሐሳብ ነው። ብሂሉ ግን ሳይናገር የሚያስቀምጠው አንድ ነገር አለ፦ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ፣ ከመድኃኒቱ የለየን የራሳችን መደበቅ ብቻ እንደሆነ። የገለጠስ? ከገለጠ በኋላ መድኃኒቱን ያጣ፣ ሥራውንም አብሮ ያጣ ሰው ምን ይባላል? ዘመቻዎቹ ዝምታን ሁሉ እፍረት ወይም አለማወቅ አድርገው ያያሉ፤ ስለዚህ መድኃኒቱም ማስተማርና አርአያ መሆን ይመስላቸዋል። ብዙ ዝምታ ግን ስሌት ነው፣ ያውም ትክክለኛ ስሌት። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ልቤ ይሸበራል ብትል፣ የምትነግረው ሰው ፓስፖርቷን የቆለፈባት ሰው ሊሆን ይችላል፤ መልሱም የአውሮፕላን ቲኬት ነው፣ ዕዳዋን እንኳ ሳትከፍል። በአሜሪካ ደግሞ ለሕመም ቀን ደመወዝ የሚያስከፍል የፌዴራል ሕግ የለም፤ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ከአማካሪው ጋር የሚቀመጥባት ሰዓት ሁለት ጊዜ ታስከፍለዋለች፣ አንድ ጊዜ በክፍያ፣ አንድ ጊዜ በቀረ ደመወዝ። ነገሩ የዕውቀት ማነስ እንዳልሆነ ማየት የሚሻ ሰው አብራሪዎችን ይመልከት። የተማሩ ናቸው፣ ደህና ይከፈላቸዋል፣ ስለ ድባቴም ከማንም ያላነሰ ያውቃሉ፤ ሆኖም የሕክምና ፈቃዳቸውን አጥተው ከመብረር እንዳይታገዱ በመስጋት ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ዝምታ የሚከተለው መዘዝን ነው። መዘዙ ሳይነካ አርአያ ብናበዛ፣ የሚናገሩት መዘዙ የማይደርስባቸው ብቻ ይሆናሉ።

በዚህ ዓይን ሲታይ የቴኒስ ተጫዋቿ የናኦሚ ኦሳካ ነገር በተለምዶ ከሚወራው ለየት ይላል። በሜይ 2021 በሮላን ጋሮስ የቴኒስ ውድድር ዋዜማ ጋዜጣዊ መግለጫ እንደማትሰጥ አስታወቀች። የመጀመሪያ ጨዋታዋን አሸንፋ መግለጫውን ስትቀር 15 ሺህ ዶላር ተቀጣች፤ አራቱ ታላላቅ ውድድሮችም በጋራ መግለጫ አውጥተው፣ በዚሁ ከቀጠለች ከውድድር እስከ መባረር የሚደርስ ቅጣት እንደሚጠብቃት አስጠነቀቁ። በማግስቱ ራሷን አገለለች፤ ከ2018 ጀምሮ ድባቴ ሲመላለስባት እንደቆየም ያኔ ገለጠች። በዓመቱ ከሃምሳ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኘች ሴት ስለሆነች «ቅጣቱ ለእሷ የቡና ነው» ያሉ ነበሩ። ልክ ነው፤ የቡና ነው። ነገር ግን ያደረገችውን እንመልከት፦ አንድ ሠራተኛ አንድ የሥራ ግዴታ ጤናዬን ይጎዳኛል ብላ እምቢ አለች። ይህ በፋብሪካም፣ በመጋዘንም፣ በጥሪ ማዕከልም የሚነሣ የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ነው። የማኅበር፣ የውል፣ የሥራ ሕግ ጉዳይ ነው። በሚዲያ ግን ወዲያው የግል ጀግንነት ታሪክ ሆነና «ለራስሽ ቅድሚያ መስጠትሽ እንዴት ደፋር ነሽ» ተባለላት። ከዚያ ታሪክ የመጋዘን ሠራተኛዋ ምን ትማራለች? እሷም ለራሷ ቅድሚያ እንድትሰጥ። የእሷን ፈረቃ የሚሸፍን፣ ቅጣቷን የሚከፍል፣ በማግስቱ ሥራዋ ላይ የሚያቆያት ማን እንደሆነ ግን ታሪኩ ውስጥ የለም። ኦሳካን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ሕመሟንም ወድዳ ሳይሆን ተገፍታ ነው የገለጠችው። የሚወቀሰው የሠራተኛን ጥያቄ የስሜት ጥያቄ አድርጎ የተረጎመው አተራረክ ነው።

የሜጋን ባል ልዑል ሃሪ ጋ ስንደርስ ወቀሳው ሰው ያገኛል። ሃሪ በ12 ዓመቱ እናቱን አጥቶ፣ ሐዘኑን ለብዙ ዓመት ሲሸሽ ኖሮ፣ ወደ አማካሪ የሄደው በ28 ዓመቱ መሆኑን በ2017 ተናግሯል፤ ይህን ሰምቶ የማይራራ ልብ የለም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በማርች 2021፣ ለሠራተኞች የአሠልጣኝና የምክር አገልግሎት የሚሸጠው ቤተርአፕ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሹም ሆነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይም ደስታ ከማይሰጥ ሥራ መልቀቅ ሊከበርና ሊወደስ የሚገባው ነገር እንደሆነ ለአንድ የንግድ መጽሔት ተናገረ። ሃሪ የሚለቀው የሥራ ዓይነት ሲለቁት ዝናን ይጨምራል፤ የሌላው ሰው ሥራ ሲለቁት የቤት ኪራይ ይዘላል፣ በአሜሪካ ደግሞ የጤና መድን ብዙውን ጊዜ ከሥራው ጋር ስለሚሄድ፣ ለአእምሮው ሲል ሥራውን የለቀቀ ሰው አእምሮውን የሚታከምበትን ካርድ አብሮ ያስረክባል። የኩባንያው ሥራ ራሱ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ጂምናስቲከኛዋ ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ከቡድን ፍጻሜ ራሷን ካገለለች ከጥቂት ወራት በኋላ ሴረብራል በተባለ የኢንተርኔት የአእምሮ ሕክምና ኩባንያ ልክ እንደ ሃሪ ያለ የማዕረግ ስም ተሰጣት፤ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ቀደም ብሎ ቶክስፔስ የተባለ መሰል ኩባንያ የማስታወቂያ ፊት ሆኖ ነበር። ኑዛዜው ከልብ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ከልብ የሆነ ኑዛዜም የሚሸጥበት ገበያ ተገኘ፤ ገበያውም የራሱ ጠባይ አለው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለውን ተፎካካሪ ኩባንያ የደንበኞችን የጤና ምሥጢር ለፌስቡክና ለመሰሎቹ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ 7.8 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው፤ በ2024 ደግሞ ሴረብራልን በተመሳሳይ ጉዳይና ደንበኞች በቀላሉ እንዳይወጡ በማድረጉ ከ7 ሚሊዮን በላይ። ዝነኛው ምሥጢሩን የሚገልጠው ራሱ መርጦ ነው። ደንበኛው ደግሞ ሳያውቅ ተገለጠበት።

የዘመቻዎቹ ወዳጆች ትልቁ መልስ ይሄ ነው፦ ዝነኞቹ ሲናገሩ ነቀፌታው ቀነሰ፣ ያ ብቻውን በቂ ውለታ ነው። መልሱ በከፊል ትክክል ነው። የእንግሊዙ «ታይም ቱ ቼንጅ» ዘመቻ ከ2007 እስከ 2021 ሲካሄድ የሕዝቡ አመለካከት በእርግጥ ተሻሽሏል። ግን የምን ሕመም ነቀፌታ? የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዋ በርኒስ ፔስኮሶሊዶና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ከ1996 እስከ 2018 ያለውን የሕዝብ አስተያየት ሲያመሳክሩ ያገኙት አንድ ወጥ ታሪክ አይደለም። በድባቴ የተያዘን ሰው ባልደረባ ወይም ወዳጅ ለማድረግ የሚያቅማማው ሰው ቀንሷል። በስኪዞፍሬኒያ ላይ ግን ይህ አልታየም፤ እንዲያውም ሕመምተኛው አደገኛ ነው ብሎ የሚያምነው ሰው በርክቷል። ዝነኞች የሚገልጧቸው ሕመሞች ነቀፌታቸው ቀለለ፤ ጎዳና ላይ የሚታየው፣ ብቻውን የሚናገረው፣ ፖሊስ የሚጠራበት ሰው ሕመም ግን እዚያው ቀረ። ዝነኛ ሰው ሥራውን ይዞ ሊናገርለት የሚችለው ሕመም አለ፤ ሌላው ሕመም መጀመሪያ የሚወስደው መናገሪያውን ነው። ሎስ አንጀለስ፣ የዝነኞች ከተማ፣ ከአገሪቱ ግዙፍ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች አንዱ የካውንቲው እስር ቤት እንደሆነ በተደጋጋሚ የሚነገርባት ከተማ ናት። እኛም ዘንድ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው የአማኑኤል ስም መሰዳደቢያ እንደሆነ ነው ያለው፤ ስለ ጭንቀት በነጻነት የሚያወራው ወጣት ትውልድ እንኳ ቀልዱን አልተወውም። አመለካከት ቢሻሻልም የሚቀበል ቤት ካልተሠራ ያው ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ 67 ሺህ ገደማ የነበረው የአእምሮ ሕክምና አልጋ በ2010ዎቹ መጨረሻ ወደ 18 ሺህ ገደማ ወርዷል። መቀነሱ በከፊል ተገቢ ነበር፤ አሮጌዎቹ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች መዘጋት ነበረባቸው። በምትኩ በየሰፈሩ ይኖራል የተባለው እንክብካቤ ግን በልኩ አልመጣም፤ «ተናገሩ» የሚለው ጥሪ የበረታውም ወረፋው በረዘመበት በዚሁ ዘመን ነው።

ሌላም ተቃውሞ ይነሣል፦ ዘፋኝ ወይም ልዑል የጤና ሚኒስትር አይደለም፤ ከራሱ ታሪክ በላይ ለምን ይጠየቃል? የራሱን ታሪክ ብቻ ቢናገር ኖሮ እኔም አልጠይቀውም ነበር። ታሪኩን ምክር አድርጎ ሲያቀርበው ግን፣ ምክሩ የሠራው በምን እንደሆነ አብሮ የመናገር ግዴታ ይመጣበታል፤ መድኃኒቱን አሞግሶ ዋጋውን የሚደብቅ ሰው ምስክር አይባልም። በሰዓት ስንት እንደከፈለ፣ ለስንት ዓመት እንደተመላለሰ፣ ልጆቹን ማን እንደጠበቀ፣ ከሥራ ሲቀር ማን እንደተካው ይናገር። ይህ ማዋረድ አይደለም፤ አድማጩን «እኔ ያልዳንኩት ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» ከሚል ሁለተኛ ሕመም ያድነዋል። በአሜሪካ በ2009 እና በ2010 በተሰበሰበ መረጃ የግል ጤና መድን የሚቀበሉ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 55 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከሌሎች ሐኪሞች ግን 89 ከመቶው ይቀበሉ ነበር። ከላይ ከተጠቀሱት ኑዛዜዎች አንዱ እንኳ ይህን ዓይነት ቁጥር ቢሸከም፣ ማልቀስ ብቻ የነበረው ተመልካች ለሕዝብ እንደራሴው የሚጽፈው ነገር ያገኝ ነበር።

የማይቻል ነገር እንዳልጠየቅሁ የሚያሳይ ሰው አለ፤ ሰውየውም ከሁሉ ይልቅ በመደብ ብልጫ የሚወቀስ ነው። ፓትሪክ ኬኔዲ፣ የሴናተር ቴድ ልጅ፣ የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ የወንድም ልጅ፣ በሜይ 2006 ሌሊት መኪናውን ከካፒቶል አጠገብ አጋጨ። ፖሊሶቹ የስካር ምርመራ ሳያደርጉለት ቤቱ አደረሱት፤ የኒው ሄቨኑ የታችኛው መደብ ሕመምተኛ ቢያየው ምን ይል ይሆን? ኬኔዲ ግን ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመምና የመድኃኒት ሱስ እንዳለበት በይፋ ተናግሮ፣ በኋላም ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኖ፣ ኑዛዜውን እዚያ ላይ አልተወውም። የምክር ቤት አባል ነበርና ኢንሹራንስ ለአእምሮ ሕክምና የሚያደርገውን ገደብ ለአካል ሕክምና ከሚያደርገው እንዳያጠብቅ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ይዞ ገባ። በሴኔቱም ጉዳዩን ለዓመታት የገፉት ፖል ዌልስቶንና ፒት ዶሜኒቺ፣ አንዱ ግራ ዘመም ዴሞክራት አንዱ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን፣ ሁለቱም ከባድ የአእምሮ ሕመም በገዛ ቤተሰባቸው የገባባቸው ነበሩ። የኃያላን ሰዎች የግል ሐዘን ሕግ ሲሆን እንዲህ ነው፤ ብልጫቸው ያኔ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያገለግል ይሆናል። የሕጉ መንገድ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የታችኛው ምክር ቤት ረቂቁን በማርች 2008 ቢያሳልፈውም ነገሩ በእንጥልጥል ቆየ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ዎል ስትሪት ተናግቶ የባንኮች መታደጊያው ሕግ በታችኛው ምክር ቤት ሲወድቅ፣ ሴኔቱ መታደጊያውን የሚጭንበት፣ አስቀድሞ በታችኛው ምክር ቤት ያለፈ ረቂቅ ፈለገ፤ ያገኘውም የኬኔዲን የአእምሮ ጤና ረቂቅ ነው። የመታደጊያው ሰባት መቶ ቢሊዮን ዶላር እዚያ ላይ ተጫነና በኦክቶበር 3 ቀን 2008 ሁለቱም አብረው ተፈረሙ። ባንኮቹ ገንዘባቸውን ያገኙት በወራት ውስጥ ነው። የአእምሮ ሕሙማኑ ክፍል ግን ዝርዝር ደንቡ እስኪጸድቅ አምስት ዓመት ጠበቀ፤ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰውም ያን ጊዜ የጨመረለት ነገር አልነበረም።